ያልተበላሸን ፓምፕ ስለመጠገን፦ ከፍታ፣ የጉድጓድ ውሃና የአነስተኛ ፓምፖች እንክብካቤ በእንጅባራና በዳንግላ

መግቢያ

በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የመኸሩ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ የጓሮ ጉድጓድና የወንዝ ዳር ማሳ በአነስተኛ ፓምፕ ሥራ ይጀምራል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የሚያለማ ቤተሰብ፣ ወይም የግቢውን ጉድጓድ ውሃ ወደ ሮቶ የሚያወጣ የከተማ ነዋሪ፣ ኅዳርንና ታኅሣሥን ያለ ሐሳብ ያሳልፋል። በየካቲት ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ይሳሳል። በመጋቢት ደግሞ ሞተሩ እንደ ወትሮው እየጮኸ ቱቦው ባዶ ይሆናል። ባለቤቱ ፓምፑን አስጭኖ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ባለሙያው የመሳቢያ ቱቦውን በርሜል ውስጥ ነክሮ ሲሞክረው ውሃው ይንፎለፎላል። ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ግን እንደገና እምቢ ይላል። በዚህ መመላለስ የሚያልፉት ቀናት ቀላል አይደሉም፤ ኮረት በሚይዝበት ወቅት ውሃ ያጣ ሽንኩርት ዘግይቶ በሚመጣ ውሃ አይካስም። አዲስ ፓምፕ የገዛም ቢሆን በዚያው ጉድጓድ ላይ ያው ችግር ይጠብቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ተደጋጋሚ ሁኔታ ከፊዚክስ መሠረቱ ጀምሮ ማብራራት፣ ቀጥሎም የጥገናን ትክክለኛ ቅደም ተከተል ማመልከት ነው። ዋና ነጥቡ አጭር ነው፦ በአዊ ከፍታ ላይ ተበላሸ የሚባል ፓምፕ ሁሉ አልተበላሸም፤ ስለዚህ ብሎን ከመፈታቱ በፊት ርቀት ይለካ። ከዚህም ጋር፣ ለችግሩ በቅድሚያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው መፍትሔ፣ ማለትም ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ፣ በነዳጅ ለሚሠራ ሞተር ሕይወት የሚያጠፋ መሆኑ ይብራራል።

እዚህ የሚታየው በመሬት ላይ ተቀምጦ ከበታቹ ውሃ የሚያነሳው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ነው። በመኖሪያ ቤት የመዋኛ ገንዳ ውሃን የሚያዘዋውረውና የሚያጣራው ፓምፕም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ኢምፔለሩ፣ ሲሉ፣ ኩሽኔታውና የቆሻሻ ማጣሪያ ቅርጫቱ በአሠራር ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ በአቀማመጥ ላይ ነው። የገንዳ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ከውሃው አጠገብ፣ በውሃው ደረጃ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ የጥገና መመሪያዎቹ ቅርጫትን ከማጽዳትና ሲልን ከመቀየር ይጀምራሉ። የጉድጓድ ፓምፕ ጥገና ግን ከርቀት መጀመር አለበት።

ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ማን ነው?

በተለምዶ ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን። በትክክለኛ አነጋገር ግን ፓምፑ የሚፈጥረው ክፍተትን ብቻ ነው። ኢምፔለሩ በፍጥነት ሲሽከረከር በውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ጠርዝ ይወረውራል፤ በዚህም መሐሉ ላይ ግፊት ይቀንሳል። በጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ገጽ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ግፊት ደግሞ ውሃውን በቱቦው በኩል ወደዚህ ዝቅተኛ ግፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ከፓምፑ በታች ያለው ጉዞ በአየር ክብደት፣ ከፓምፑ በላይ ያለው ጉዞ በሞተሩ ጉልበት የሚፈጸም ነው።

ይህ ልዩነት በግዢ ጊዜ የሚፈጠረውን ስሕተት ያብራራል። ውሃን ወደ ላይ የመግፋት አቅም በፈረስ ጉልበት ይገዛል፤ ከታች የማንሳት ወሰን ግን በገንዘብ አይገዛም። በ3 የፈረስ ጉልበት ያልወጣ ውሃ ምክንያቱ የአየር ግፊት ማነስ ከሆነ በ7 የፈረስ ጉልበትም አይወጣም።

ከፍታው የሚወስደው ድርሻ

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ይህ 10.3 ሜትር ቁመት ያለውን የውሃ ዓምድ ይሸከማል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር የውሃው ዓምድ 8.3 ሜትር፣ 2,140 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ዳንግላ 8 ሜትር፣ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው እንጅባራ ደግሞ 7.6 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል።

ይህም ቢሆን ፍጹም ባዶነት መፍጠር የሚችል ፓምፕ ቢኖር የሚደረስበት ወሰን ነው። በተግባር ከዚህ ላይ አራት ነገሮች ይቀነሳሉ። አንደኛው የውሃው የራሱ ተን ግፊት ሲሆን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.25 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው በመሳቢያ ቱቦው፣ በክርኖቹና በጫፉ ቫልቭ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋው ነው፤ በደህና አገጣጠም 0.5 ሜትር እንበል። ሦስተኛው ውሃው ኢምፔለሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ እንዳይፈላ ፓምፑ የሚጠይቀው ትርፍ ግፊት ነው፤ በአነስተኛ ፓምፖች ከ2 እስከ 3 ሜትር ስለሚሆን 2.5 እንውሰድ። አራተኛው ለጥንቃቄ የሚተው 0.5 ሜትር ነው። ድምሩ 3.75 ሜትር ይሆናል።

ይህ ድምር በሁሉም ቦታ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ የሚለያየው የሚቀነስበት መነሻ ነው። በዚህ ስሌት በባሕር ወለል ላይ ያለ ፓምፕ ከ6.5 ሜትር ጥልቀት ውሃ ሲያነሳ፣ ዳንግላ ላይ የተተከለው ያው ፓምፕ ከ4.2፣ እንጅባራ ላይ የተተከለው ደግሞ ከ3.8 ሜትር ገደማ ብቻ ያነሳል። በብዙ አነስተኛ ፓምፖች ላይ 7 ወይም 8 ሜትር የመሳብ አቅም እንዳላቸው ተጽፎ ይገኛል። 8 ሜትር ለእንጅባራ በየትኛውም ፓምፕ ሊደረስበት የማይችል ቁጥር ነው። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም፤ የተጻፈው ለሌላ ከፍታ ነው።

የአካባቢው የዝናብ ሁኔታ ይህን ችግር ወቅታዊ ያደርገዋል። ዳንግላ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዘጠኝ አሥረኛው የሚዘንበው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በእጅ የሚቆፈሩት ጉድጓዶች የሚደርሱት ከእሳተ ገሞራ ዓለት በላይ ባለው የበሰበሰና የላላ ክፍል ስለሆነ ውሃቸው በክረምት ወደ ገጽ ይቀርባል፣ በበጋ ይሸሻል። በኅዳር 2 ሜትር ላይ የነበረ ውሃ በመጋቢት 5 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ ከላይ በተሰላው ወሰን መሠረት ፓምፑ መቆሙ ብልሽት ሳይሆን የተጠበቀ ውጤት ነው።

ከመፍታት በፊት መለካት

የመጀመሪያው የጥገና መሣሪያ ስለዚህ መፍቻ ሳይሆን ገመድ ነው። በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ይወርድና ከፓምፑ መግቢያ ደረጃ እስከ ውሃው ገጽ ያለው ቀጥተኛ ቁመት ይለካል። መለኪያው ሁለት ጊዜ መሆን አለበት፦ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከሠራ፣ ወይም ውሃ መስጠት ባቆመባት ቅጽበት። ውሃ ሲወጣ የጉድጓዱ ደረጃ ይወርዳልና፣ ጠዋት በ3 ሜትር ላይ የታየ ውሃ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ከ4.5 ሜትር በታች ሊገኝ ይችላል። ፓምፑ ጥቂት ሠርቶ የሚያቆመው፣ አረፍ ብሎ ሲነሳ ደግሞ እንደገና የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዓይነቱ ልኬት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በዳንግላ ወረዳ በደንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በተዘረጋ ማኅበረሰብ አቀፍ ክትትል፣ ነዋሪዎች ራሳቸው ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ደረጃን ይለኩ ነበር። ለሳይንሳዊ መረጃ የበቃ ልኬት ለፓምፕ ጥገናም ይበቃል።

ሁለተኛው ልኬት ከወሰኑ ካለፈ ፓምፑን መፍታት ጥቅም የለውም። ቀጣዩ እርምጃ የሚቀነሱትን ነገሮች ማሳነስ ነው። የመሳቢያ ቱቦውን ውስጣዊ ስፋት ከ50 ወደ 75 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ለአንድ ዓይነት የውሃ መጠን በቱቦው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋውን ወደ አንድ ሰባተኛ ገደማ ያወርደዋል፤ ቱቦውን ማሳጠርና ክርኖችን መቀነስም ይረዳል። ከዚህ ይልቅ ምንም ወጪ የማይጠይቅና ብዙ ጊዜ የሚረሳ መፍትሔ አለ፦ የሞተሩን ፍጥነት መቀነስ፣ ወይም በመውጫው በኩል ያለውን ቫልቭ በከፊል መዝጋት። የሚወጣው ውሃ ሲቀንስ የጉድጓዱ ደረጃ መውረዱ፣ በቱቦው ውስጥ የሚጠፋውና ፓምፑ የሚጠይቀው ትርፍ ግፊት ሁሉ አብረው ይቀንሳሉ። ውሃ ሲሳሳ ፍጥነት መጨመር የተለመደ ነው፤ በወሰኑ ጫፍ ላይ ባለ ጉድጓድ ግን ዝግ ብሎ የሚሠራ ፓምፕ በቀኑ መጨረሻ የበለጠ ውሃ ያወጣል። በመግቢያው በኩል ያለ ቫልቭ ግን ፈጽሞ መጥበብ የለበትም።

ርቀቱ በልክ ሆኖ ፓምፑ ካልሠራ

ልኬቱ ከወሰኑ በታች ሆኖ ሳለ ውሃ ካልወጣ ያን ጊዜ በእርግጥ ብልሽት አለ። ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

መጀመሪያ በቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ቫልቭ፣ ባለሙያዎች ፉት ቫልቭ የሚሉት፣ ይታያል። ፓምፑና ቱቦው በውሃ ተሞልተው ለአሥር ደቂቃ ይተዋሉ። ደረጃው ከወረደ፣ የመሳቢያ ቱቦው ሲንጠባጠብ እስካልታየ ድረስ፣ ቫልቩ አልዘጋም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በመቀመጫው ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ወይም ሥር ነው፤ ማጠብ ይበቃል። የደረቀ ጎማ ካለው ይቀየራል። ጫፉ ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢንጠለጠል ደለል አይስብም።

ሁለተኛው የአየር መግቢያ ነው። በመሳቢያ በኩል ያለ ቀዳዳ ፓምፑ ሲሠራ ውሃ አያፈስም፤ አየር ያስገባል እንጂ። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ መታየቱ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም። ሁለት መፈተኛዎች አሉ። አንዱ ፓምፑ ቆሞ ቱቦው በውሃ እንደተሞላ የሚንጠባጠብበትን መፈለግ ነው፤ ውሃ የወጣበት ቦታ አየር የሚገባበት ነው። ሌላው ፓምፑ እየሠራ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም የፓምፑ ድምፅ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ። በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቆ ማሰር ለዕለቱ ያገለግላል፤ ዘላቂው ግን ጓርኒሲዮኑን መለወጥ፣ የጥርሱን መጋጠሚያ በቴፍሎን መጠቅለልና የቱቦ ማሰሪያውን በእጥፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው መደፈን ነው። የማጣሪያ ቅርጫቱ ይጸዳል፤ የኢምፔለሩ መተላለፊያዎች በሣር ወይም በፕላስቲክ ካልተዘጉ ይታያል። ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካለ ግን ሁልጊዜ ጠጠር ላይሆን ይችላል። ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ውሃው በተለመደው ሙቀቱ ይፈላና የተፈጠሩት አረፋዎች በኢምፔለሩ ላይ እየፈነዱ ይህን ድምፅ ያሰማሉ። ክስተቱ ካቪቴሽን ይባላል፤ ብረቱንም እንደ ነቀዝ ይቦረቡረዋል። ድምፁ ፍጥነት ሲቀነስ ከጠፋ ካቪቴሽን ነው፤ መፍትሔውም በቀደመው ክፍል የተመለከተው ነው።

አራተኛው የኢምፔለሩ መበላት ነው። ደለል የበዛበት ውሃ የኢምፔለሩን ጠርዝና የቤቱን ግድግዳ ስለሚበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የተወረወረውም ውሃ ወደ መግቢያው ይመለሳል። ይህን ሳይፈቱ ለማወቅ በመውጫው ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠምና ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት ሳለ መውጫው ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ይዘጋል። አንድ ባር 10.2 ሜትር ገደማ ነው። የተገኘው ቁመት በፓምፑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁመት እጅግ ካነሰ፣ የሞተሩም ፍጥነት በልክ ከሆነ፣ ኢምፔለሩ ተበልቷል።

አምስተኛው ሲሉ ነው። ሲል ማለት አንዱ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ሌላው የማይንቀሳቀስ፣ እጅግ ለስላሳ የሆኑ የካርቦንና የሴራሚክ ገጾች ጥንድ ነው። በመካከላቸው ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ያቀዘቅዛቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋልም። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ይህ ሽፋን ስለሚጠፋ ሲሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ከወሰኑ በታች ከወረደ ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ለረጅም ጊዜ የሚታገል ፓምፕ በእውነት የሚበላሸው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ያልነበረው ብልሽት በሙከራ ብዛት ይፈጠራል። አዲስ ሲል ሲገጠም ገጾቹ በጣት አይነኩም፣ ግራሶም አይቀባባቸውም፤ የጎማው ክፍል በሳሙና ውሃ ይለሰልሳል፣ የቤቱ ብሎኖችም በአንዴ ሳይሆን በትይዩ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። የሚፈሰው ውሃ ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ሳይደርስ ሲልን መቀየር ከሁለት ጥገና ያድናል።

ሞተሩም ከፍታውን ይከፍላል

የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ እንጅባራ ላይ ከተጻፈበት ጉልበት 30 በመቶ፣ ዳንግላ ላይ 25 በመቶ ገደማ የለም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በሳሳ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያስገባል፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የያዘ ካንዴላና የነዳጅ ብክነት ምልክቶቹ ናቸው። ካንዴላን ደጋግሞ ከመለወጥ የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ ለከፍታ በተዘጋጀ አነስተኛ ቀዳዳ መተካት ይሻላል። ያው ሞተር ወደ ቆላ ከወረደ ግን ቀዳዳው መመለስ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። የመስኖው ወቅት ሲያበቃ ቤንዚኑን ከካርቡሬተሩ ማፍሰስ፣ ዘይቱን መለወጥና የፓምፑን ቤት በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ለቀጣዩ ኅዳር ዋስትና ነው።

በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ዋናው ጉዳይ የቮልቴጅ ማነስ ነው። የማስነሻ ጉልበት ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ 220 ቮልት ወደ 176 ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 64 በመቶ ይቀንሳል። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ወዲያው ይጥፋ፤ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ዘንጉ በእጅ ይሞከር። በቀላሉ ከዞረ ቮልቴጁና ካፓሲተሩ ይፈተሹ፤ ካልዞረ ኢምፔለሩ ወይም ኩሽኔታው ተይዟል። ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ሙል ሊይዝ ስለሚችል በተገቢው መንገድ ሳይራገፍ አይነካም። መደበኛ ሞተሮች የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዣ ክንፉ ከአቧራ ነጻና ጥላ ውስጥ መሆኑ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል።

ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ

ልኬቱ ከወሰን ማለፉን ያወቀ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው። ሐሳቡ በፊዚክስ ትክክል ነው፤ በነዳጅ ሞተር ሲፈጸም ግን ገዳይ ነው። የሞተሩ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይይዛል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ከኦክስጅን በእጅጉ በበለጠ ጥንካሬ ይጣበቃል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይከማቻል፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በከፍታ ላይ አስቀድሞ ኦክስጅን የቀነሰ ስለሆነ አደጋው ይብሳል። ኩራዝ ወይም ሻማ አውርዶ ካልጠፋ ደህና ነው ማለት የኦክስጅንን መኖር እንጂ የካርቦን ሞኖክሳይድን አለመኖር አያረጋግጥም። በውስጡ የወደቀ ሰው ሲታይ ለማውጣት ተከትሎ የሚወርድም በዚያው ጋዝ ይያዛል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ የነዳጅ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ በአፉ ላይም ጭሱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ አይቀመጥም።

አማራጮች አሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የፀሐይ ኃይል ባለበት በውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ከታች ስለሚገፋ የአየር ግፊት ወሰን አይመለከተውም፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ መከላከያና የምድር መስመር ያስፈልገዋል። ኃይል በሌለበት ገመድና ዋሸር ፓምፕ ውሃውን በቱቦ ውስጥ እየዘጋ ስለሚያነሳ ከከፍታ ጋር የሚያያዝ ችግር የለበትም፤ የሚያልቁበት ገመዱና የጎማ ዋሸሮቹም በአካባቢው ሊሠሩ ይችላሉ። ፍሰቱ አነስተኛ ቢሆንም ለጓሮ አትክልት ይበቃል።

ማጠቃለያ

በእንጅባራና በዳንግላ ከፍታ ላይ ያለ አነስተኛ ፓምፕ ከ4 ሜትር ገደማ በላይ ማንሳት ሲያቅተው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓምፑ ሳይሆን ርቀቱ ሊሆን ይገባል። በጥገና ቤት በርሜል ላይ የሚደረገው ሙከራ ኢምፔለሩ መሽከርከሩን እንጂ ፓምፑ ጉድጓዱ ላይ መሥራቱን አያሳይም፤ የመሳቢያ ቱቦው ከ3 እስከ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ በርሜል ጋር ቢሞከር ለባለቤቱም ለባለሙያውም እውነተኛ መልስ ይሰጣል። ሻጮች ለአካባቢው ከፍታ የተሰላ የመሳብ ወሰንን ከፓምፑ ጋር ቢሰጡ ብዙ ግዢ ከስሕተት ይድናል። ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆን ግልጽ ሥራም አለ፦ በገበያ ላይ ያሉ ፓምፖች የሚጠይቁትን የመግቢያ ግፊት በአካባቢው ከፍታ መለካትና ከወራት የጉድጓድ ውሃ ደረጃ ጋር ማነጻጸር፣ ይህም የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ወር በምን ዓይነት ፓምፕ መጠቀም እንደሚገባው አስቀድሞ ለመናገር ያስችላል። እስከዚያው ግን ቋጠሮ ያለው ገመድና ድንጋይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቢቀመጡ ብዙ ወጪ፣ ምናልባትም ሕይወት፣ ይተርፋል።